በኑዛዜው ውስጥ ስማቸው የሌለ

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ልባችንን የሚያንጠለጥልበት ገመድ ብዙ ነው። የሀብታም ቤተሰብን ሽኩቻ የሚተርከው ዓይነት ግን ገመዱ አንድ ብቻ ነው፤ «ወንበሩን ማን ይወርሳል?» የሚለው ጥያቄ። አባት አልጋ ይዟል፤ ወይም አያት አርጅታለች። ልጆች ዙሪያውን ከበው ቆመዋል። አንዱ ከልቡ ያለቅሳል፤ አንዱ ለሰው ዓይን ያለቅሳል፤ አንዷ ደግሞ ዝም ብላ ታሰላለች። የሆነ ቦታ የተቆለፈበት አንድ ወረቀት አለ። ደራሲው ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ አያስነብበንም፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ግን ቁልፉን ያንቃጭልብናል። እኛም ሻማው እስኪያልቅ እናነባለን።

ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ ለሀገራችን አንባቢ ካስለመዱት ደራሲያን አንዱ አሜሪካዊው ሲድኒ ሼልደን ነው። ሥራዎቹ ወደ አማርኛ እየተመለሱ፣ በኪራይ እየተነበቡ፣ ሽፋናቸው እስኪገነጠልና የመጀመሪያዎቹ ገጾች እስኪጠፉ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረዋል። ደራሲው በ1999 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ቢለይም መጻሕፍቱ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች እጅ አልጠፉም። ከእነዚህ መካከል የቤተሰብን የሥልጣን ሽኩቻ ዋና ጉዳዩ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው «ማስተር ኦፍ ዘ ጌም» ነው። የጨዋታው ጌታ እንደ ማለት ነው።

ታሪኩ ኬት ብላክዌል የተባለች ባለጠጋ ዘጠናኛ ዓመቷን ስታከብር ይጀምራል። ከዚያ ወደ ኋላ ይመለስና አባቷ ጄሚ ማግሬጎር ከስኮትላንድ ተነሥቶ አልማዝ ፍለጋ ደቡብ አፍሪካ እንዴት እንደ ወረደ፣ እንዴት እንደ ተታለለ፣ እንዴት እንደ ተበቀለ ያወራል። ድርጅቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ኬት ድርጅቱን ከሰው ሁሉ አብልጣ ትወዳለች፤ ወንድ ልጇ ሠዓሊ እሆናለሁ ቢል መንገዱን በዘዴ ትዘጋበታለች። ነገሩ መንትያ የልጅ ልጆቿ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ አንደኛዋ ሌላይቱን ለማጥፋት ትነሣለች። ሼልደን ቁልፉን ማንቃጨል ያውቅበታል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ግን ባንዳ የሚባል አንድ ጥቁር ሰው አለ። ስሙ ለእኛ ጆሮ ክፉ ቢሆንም ሰውየው ከዳተኛ አይደለም። እንዲያውም ጄሚ አልማዙ ወዳለበት የተከለከለ ዳርቻ ሰብሮ የገባው ከእርሱ ጋር ነው፤ ከሞት የተረፉትም አብረው ነው። ከዚያ በተገኘው አልማዝ ትልቅ ድርጅት ተቋቋመ። ስሙም «ክሩገር ብሬንት» ተባለ። ክሩገርና ብሬንት እነማን ናቸው ቢሉ፣ ሁለቱን ሰዎች በጉም ውስጥ ሲያሳድዱ የነበሩት ዘበኞች ናቸው። ጄሚ የሰማውን የአሳዳጆቹን ስም ለድርጅቱ አወጣለት። አብሮት ሞት አፍ የገባው ሰው ስም ግን በበሩ ላይ አልተጻፈም።

የልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ጥበቡም አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ዓይናችንን ወንበሩ ላይ ያስተክለንና ወንበሩን የተሸከሙትን እንዳናይ ያደርገናል። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅና ደቡብ ያለው የእኔ ሀገር፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይበቃል።

አባቴ የእስቴ፣ እናቴ የስማዳ ሰው ናት። በእኛ ሀገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ አባባል አለ፤ በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። ሚስቱን ተቀምቶ፣ ኋላም ግዛቱን ሊቀማ ሲል የተነሣ አንድ ትልቅ ሰው በዚያው ደጋ ላይ ወድቋል። ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። የእርሳቸው ታሪክ ከሼልደን ልብ ወለድ በምንም አያንስም፤ ልዩነቱ እውነት መሆኑ ነው።

ነገሩን በምዕራፍ በምዕራፍ እንየው። ቤቱ የዐፄ ምኒልክ ቤት ነው። ለዙፋኑ የሚሆን ወንድ ልጅ የለም። እቴጌ ጣይቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ የራሳቸውን ወገን ከዘውዱ ጋር የሚያስተሳስሩት በጋብቻ ነው። በ1892 ዓ.ም. የወንድማቸው የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ጉግሣ ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር ተጋቡ። ዘውዲቱ ለእንዲህ ያለው ጋብቻ አዲስ አልነበሩም፤ ገና በሕፃንነታቸው ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተድረው ነበር። ይህኛው ጋብቻ ግን ለፖለቲካ ተጀምሮ ፍቅር ሆነ ይባላል።

ሁለተኛው ምዕራፍ። ምኒልክ ታመው አልጋ ያዙ። በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ ወገናቸውም አብሮ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። ወንበሩን የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ያዘ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. እርሱም ተሻረ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ዘውዱ ግን ዋጋ ነበረው። ንግሥቲቱ ዙፋኑ ላይ ሲወጡ ባላቸው ከጎናቸው አልነበሩም፤ ራስ ጉግሣ በጌምድርን ተሹመው መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አደረጉ። ለሕዝብ ሹመት ነው፤ ለባልና ሚስቱ መለያየት ነው።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። ተፈሪ የምኒልክ ዘመድ ናቸው። የተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን የልጅ ኢያሱ የእኅት ልጅ ናቸው። ጉግሣ የእቴጌይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥቲቱም ባል ናቸው። ባዕድ የለበትም። ሁሉም በአንድ ገበታ ላይ እጃቸውን የሰደዱ ዘመዳሞች ናቸው።

ሦስተኛው ምዕራፍ አሥራ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ተፈሪ ቀስ በቀስ ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ፤ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። በዚያው ሰሞን ራያና አዘቦ ላይ ሁከት ተነሣ። ራስ ጉግሣ ሄደው እንዲያበርዱ ታዘዙ፤ ቆይቶም ከአመፀኞቹ ጋር ተመሳጥረዋል ተብለው ተከሰሱ። ንግሥቲቱ ለባላቸው እየጻፉ ከዚህ ነገር እንዲመለሱ ለመኗቸው ይባላል። ራስ ጉግሣም የሌሎች ታላላቅ መሳፍንትን እርዳታ ተስፋ አድርገው ነበር ይባላል። የመጣላቸው ግን አልነበረም። ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት ደጋ በኩል ወደ ምሥራቅ ገሠገሡ። ከወዲያ የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የመሐል ሰፋሪውን ጦር ይዘው መጡ።

አሁን ሼልደን እንኳ ሊፈጥረው የማይደፍረው ነገር ይመጣል። አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ገና በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። ስምንት ወር ሳይሞላው አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ጦር ላይ አንዣበበ። መጀመሪያ የጣለው ቦምብ አይደለም፤ ወረቀት ነው። ጉግሣን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል የቤተ ክህነት አዋጅ ከሰማይ ተበተነ። ቦምቡ ከዚያ በኋላ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በጋይንትና በወሎ ወሰን አካባቢ፣ በዘቢጥ ደጋ፣ አንቺም በሚባለው ሜዳ ላይ ራስ ጉግሣ ተመትተው ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ትኩሳትም ይዟቸው ነበር። የባላቸውን ሞት ሰምተው ነው የሚል አለ፤ ሳይነገራቸው ነው የሚልም አለ፤ ሌላ ሌላም ብዙ ተወርቷል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በኋላ፣ በባዝ ከተማ ስደት ላይ ሳሉ፣ የዘመኑን ታሪክ ራሳቸው አስጻፉት። ወንበሩን የወረሰ ትረካውንም ይወርሳል።

ይህ ሁሉ የታወቀ ታሪክ ነው። አሁን የማወራው ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

የሴት አያቴ አባት ወደዚያ ጦርነት የሄደው ከስማዳ ነው። ማዕረግ አልነበረውም። መሬቱን እያረሰ የሚኖር፣ ሲጠራ ስንቁን አሥሮ ጌታውን የሚከተል ሰው ነበር። ዙፋኑ የተፈሪ ቢሆን የጉግሣ እርሱ የሚያርሳት ማሳ አትሰፋም፤ የሚከፍለው ግብርም አይቀንስም። አያቴ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። «እናቴ በሶውን አሥራለት ሲወጣ ጀርባውን አይቼዋለሁ፤ ፊቱን ግን አላስታውሰውም» ትለኝ ነበር።

ከዚያ አልተመለሰም። ወረቀቱ ከሰማይ ሲወርድ ያንብበው አያንብበው አላውቅም የምለው ነገር አይደለም፤ ፊደል አልቆጠረም ነበር። አዋጁ ግን ከሞቱ መርዶ ቀድሞ ሀገሩ ገባ። ማንበብ የማይችል ሰው በማያነበው ወረቀት ተወገዘ፤ ውግዘቱንም ሌሎች ጎረቤቶቹ ለልጁ አነበቡላት። ወንድሞቹ ለሙት ልቅሶ ተቀምጠው፣ ልቅሶው ሳያልቅ ስለ ርስቱ ተነጋገሩ። «ወንድ ልጅ አልተወም፤ እርሱም የሞተው በውግዘት ነው» አሉና ማሳውን ተካፈሉት።

እዚህ ላይ ሀገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስለ ርስት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በበጌምድርም ሆነ ከዓባይ ማዶ በጎጃም፣ ርስት የሚቆጠረው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ነው። ከዚያ አባት መወለዱን በወንድም በሴትም በኩል ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ አለኝ ማለት ይችላል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገሩ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነውም። ሴት ልጅ ትወርሳለች፤ በሩቅ ተወልዶ ያደገ ይመለሳል። ነገር ግን ወራሽ ሁሉ ባላጋራ ነው። ወንድም ከወንድሙ፣ አጎት ከወንድሙ ልጅ እየተካሰሰ ይኖራል። የምኒልክ ቤት ሽኩቻ አንድ ዙፋን ስለነበረው ታሪክ ሆነ፤ የእኛ ሀገር ሽኩቻ በየደጁ ስለሆነ ወሬ ሆኖ ቀረ። ጨዋታው ግን አንድ ነው። ኑዛዜ አለ፣ የጠፋ ምስክር አለ፣ በሠርግ የሚጀመር ወዳጅነት አለ፣ በውድቅት ሌሊት የሚነቀል የወሰን ድንጋይ አለ። ሼልደን ስማዳ ቢወለድ ኖሮ ታሪክ አይቸግረውም ነበር።

አያቴ ካደገችና ከወለደች በኋላ አጎቶቿን ከሰሰች። ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፣ በ1940ዎቹ። ጠበቃ አልነበራትም። ትውልዷን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዳኛ ፊት ቆማ በቃሏ ቆጠረች። ከአንድ ገበያ ቀን ወደ ሌላው ቀጠሮ ሲባል፣ ምስክር ሲሞት፣ ዳኛ ሲቀየር ክርክሩ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ የአባቷን ድርሻ ግማሽ አገኘች። ያን ፍርድ የተጻፈበትን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልላ ከማጀት ሰቅላ ታኖረው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ርስት የሚባል ነገር ቀረ፤ በየፍርድ ቤቱ የተንጠለጠለው የርስት ክርክርም አብሮ ቀረ። አያቴ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት ቆሜ ያገኘሁትን በአንድ ቀን አዋጅ ወሰዱት» ትልና ትንሽ ቆይታ «ለአጎቶቼም አልቀረ!» ትላለች። ሳቋ ግን ረጅም አልነበረም። አዋጁ ጭሰኛና ባለርስት በበዛበት ሀገር ትልቅ ፍትሕ ነበር። ለእርሷ ግን የአባቷ ስም የተጻፈበት ብቸኛ ወረቀት ዋጋ ያጣበት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ውስጥ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል እንደ እርሱ ያሉት «ቢሮክራት» ተብለው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ያህል ነው። አጎቴ በእነዚህ አራት ጥማዶች ላይ ኖሮ፣ የመጀመሪያ ሚስቱን ቀብሮ፣ ሌላ አግብቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ዐረፈ። ከመጀመሪያ ሚስቱ ልጆች ነበሩት። ከሁለተኛዋ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ልጅ ግን አልወለዱም።

እኔ ለአርባው ስሄድ ለመንገድ የያዝኩት ያንኑ የሼልደን መጽሐፍ ነበር። ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ ለንባብ ጊዜ አይነፍግም። አርባው በወጣ ማግሥት ዘመድ ተሰበሰበ። የአጎቴ ልጆች አሉ፤ እናቴ አለች፤ ሌሎችም አሉ። ነገሩ ሁሉ አልቆ የቀረው ጽሑፉ ብቻ ነበር። ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝና።

«ቀለም ያስቆጠርንህ ለዚህ ቀን ነው» አለች እናቴ።

የሚጻፈው ማመልከቻ አጭር ነው። ሴትዮዋ ሚስት አይደሉም፤ በደመወዝ ተቀጥረው ቤት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ መሬቱን ለወራሾች ይልቀቁ የሚል ነው። በእኛ ሀገር ይህ ክስ አዲስ አይደለም። ባል የሞተባትን ሴት «በደመወዝ የነበረች ናት» ማለት ከጥንት ጀምሮ ከቤት ማስወጫ ነው። እርሳቸው ይህ ሁሉ ሲባል ቡና ያቀርባሉ። ስኒ ያነሣሉ፤ ስኒ ያስቀምጣሉ። አንድ ቃል አልተናገሩም።

እኔ የመሬቱን ደብተር አሳዩኝ አልኩ። ጋዜጠኛ ወረቀት ሳያይ አይጽፍም። ደብተሩ ከሳጥን ወጣ። የአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው የሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ገልጬ አየሁ፤ ሁለት ፎቶግራፍ አለበት። አንዱ የአጎቴ ነው። ሌላው የእርሳቸው ነው። ከሥሩ የሁለቱም ስም ከነአባት ተጽፏል።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሕጉም እንዲሁ ነው፤ በባልና ሚስት ስም የተያዘ መሬት የጋራ ነው፤ ወራሾች የሚወርሱት የሟቹን ድርሻ ነው። ማመልከቻውን አልጽፍም አልኩ። የተባለውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የአጎቴ ልጆች ሁለት ጥማድ፣ ባለቤቱ ሁለት ጥማድ እንዲይዙ ተስማሙ። እናቴ እስከ ፋሲካ ድረስ አላናገረችኝም።

ከመሄዴ በፊት የአጎቴን ሚስት «ደብተሩን ለምን ቀድመው አላሳዩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

ስለ ወራሾች ሽኩቻ ካነበብኳቸው ገጾች ሁሉ ይህችን የምታህል አላገኘሁም። ሼልደን ቢሆን ይህ የመጨረሻው ምዕራፍ ይሆንለት ነበር። የተቆለፈው ወረቀት ይወጣል፤ ያልተጠበቀው ስም ይነበባል። ልዩነቱ አንድ ነው። በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ የሚወጣው ስም ሁልጊዜ የአንደኛው ወራሽ ስም ነው። እዚህ የወጣው ግን ዘር ያልቆጠረች፣ ልጅ ያልወለደች፣ በየትኛውም የወራሽ ዝርዝር ውስጥ የሌለች የአንዲት ሴት ስም ነው። ለዘውዲቱ ዘውድ ሲሰጣቸው ባል ተነሣቸው። ለአያቴ ውርስ በይገባኛል ዘጠኝ ዓመት አስቆማት። ለአጎቴ ሚስት ግን አንድ የወረዳ ጸሐፊ ፎቶግራፍ ለጥፎ ማኅተም መታበት። ታሪክ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። እንደ እኔ ግን ከአንቺም ጦርነት ወዲህ በዚያ ደጋ ላይ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ከትልቆቹ አንዱ ነው።

የእኛ ልብ ወለድ በዚህ በኩል ባዶ ነው አይባልም። ከስማዳና ከእስቴ ቁልቁል ቢያዩ ዓባይ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ያንን የባላባት ቤት ከውስጡ ገልጦ አሳይቶናል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ነው። እኔን ዘወትር የሚመልሰኝ ግን ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ለፊታውራሪ መሸሻ ተጨማሪ ግብር አንሰጥም ያሉበት ክፍል ነው። ፊታውራሪው ጦር ይዘው ሊቀጧቸው ወጥተው ተማርከው ተመለሱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በአንድ ቤት ክብር ታሪክ መካከል የዚያን ቤት ወጪ ሲሸፍኑ የኖሩትን ሰዎች አስገብተው አናገሯቸው። ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላም መጽሐፉ ያላረጀው በፍቅሩ ብቻ አይመስለኝም።

ዛሬ የሀብታም ቤተሰብ ሽኩቻ ከመጽሐፍ ይልቅ በቴሌቪዥን ይታያል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ በየከተማው ሰው ሥራውን ትቶ የኢስታንቡል ባለጠጋ ልጆች ምን እንደ ወሰኑ ሲጠብቅ አይተናል። እኔ ይህን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ሰው የሌላውን ቤት በቀዳዳ ማየት ይወዳል። ደግሞም የራሱን ቤት ነገር በሌላው ቤት ውስጥ ሲያየው ይቀለዋል። የአጎቴ ልጆችም ያን ድራማ ሲያዩ ለተገፋችው ሴት አዝነው ይሆናል።

የምለው ይህን ብቻ ነው። የመንጠልጠል ጥበብን ከሼልደን መማር ይቻላል። ነገር ግን የእኛ ደራሲ ገመዱን ሌላ ቦታ ሊያሥረው ይችላል። «ወንበሩን ማን ይወርሳል?» ከማለት ይልቅ «በሶውን አሥሮ የሄደው ሰው ይመለስ ይሆን?» ብሎ ሊጀምር ይችላል። መጋቢት 22 ቀን ማን እንዳሸነፈ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ልባችን አይንጠለጠልም። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ግን ደጅ ላይ ቆማ ነበር። እርሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አውሮፕላኑ ወረቀት መበተኑን፣ አባቷ መወገዙን፣ አጎቶቿ ማሳውን መቁጠራቸውን አታውቅም። አንባቢው ያውቃል፤ እርሷ አታውቅም። ልብ ማንጠልጠል ማለት እኮ ይኸው ነው።

ያን መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው ከስማዳ ይወጣ ወይም ከሌላ፣ ለእኔ ልዩነት የለውም። የአያቴ አባት ስም በአንቺም የድንጋይ ሐውልት ላይ የለም፤ በንጉሡ ታሪክ ውስጥም የለም፤ አያቴ በጨርቅ ጠቅልላ በሰቀለችው የፍርድ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ያን ወረቀት ምስጥ በላው። የአጎቴን ሚስት ለመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው ሁለቱን ጥማድ ለአንድ ጎረቤት በእኩል ሰጥተው ያሳርሱ ነበር፤ ጤፉ ደህና ሆኖ ነበር። ደብተሩ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። በላስቲክ ጠቅልለው ከሳጥኑ ሥር እንዳስቀመጡት ነገሩኝና፣ ምስጥ እንዳይደርስበት በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው ፀሐይ እንደሚያስመቱት ጨመሩልኝ።